የትራክተሯ ወንበር

ሽማግሌው አማቻቸውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ልጃቸውን አግብቶ የግቢውን የኋላ ክፍል ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ «እንግዳው» ነው የሚሉት። «እንግዳው መብራት ሳያጠፋ ወጣ።» «እንግዳው ሳሙናውን ውሃ ውስጥ ጥሎት ሄደ።» መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎት አብሮ ይስቅ ነበር። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ጊዜው አልፎ፣ ሰፈሩም ስሙን ረስቶ እንግዳው ማለት ጀምሮ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ ሰፊ ጓሮ አለ። ሽማግሌው ጎመን፣ ካሮትና ሰላጣ እያበቀሉ ልጃቸውን ያሳደጉት በዚህ ጓሮ ነው። የሚያርሱት በአንዲት ትንሽ የጓሮ ትራክተር ነበር። እንግዳው ግቢውን ከመርገጡ በፊት ፒስተኗ ተጣብቆ ቆመች፤ ከዚያ ወዲህ መጋዘን ውስጥ የዶሮ ማደሪያ ሆነች፣ ጓሮውንም አረም ዋጠው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ሊገባ ሲል ሽማግሌው ምሳ ላይ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ነገሩን ቆረጡት።

«ጓሮውን ለጎረቤት ላከራየው ነው።»

ልጃቸው ባሏን አየችው። እሱ የሚሠራበት የፍሪጅ መጠገኛ ሊዘጋ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። ባልና ሚስቱ ጓሮውን አልምተው ሊኖሩበት ካሰቡ ቆይተዋል፤ ለመናገር ግን ማን ይድፈር?

«እኛስ አባዬ? እኛ ብናርሰውስ?»

«በምን? በጥፍርሽ? ደግሞም እኔ በሕይወት እያለሁ ያን መሬት የማርሰው እኔ ነኝ። ትራክተሬ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ ከማይ ጎረቤት በራሱ መሣሪያ ይገልብጠው።»

«ትራክተሯ ብትነሳስ?» አለ እንግዳው።

ሽማግሌው ወደ እሱ ሳይዞሩ፣ «ፍሪጅ መሰለችህ? ጋዝ ሞልተህ የምታቀዘቅዛት?»

«ብትነሳ ያርሳሉ ወይ አባባ?»

«ከተነሳች አርሳለሁ» አሉና ማንኪያቸውን አነሱ። «እናንተም ጎመኑን እየሸጣችሁ ትኖራላችሁ። አትነሳም እንጂ።»

እንግዳው በማግስቱ ዶሮዎቹን አስወጥቶ ሥራ ጀመረ። ኩሱን በቢላዋ ፋቀ። ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ዘይትና ናፍጣ ደባልቆ አፈሰሰበትና እንዲርስ ተወው። ከሥራ በተመለሰ ቁጥር መዘውሩን በሁለት እጁ ይዞ ወዲያና ወዲህ ለመነቅነቅ ይሞክራል፤ አይላወስም። የቤንዚኑን ታንከር ጠጠር ከቶበት እስኪዝል ናጠው፤ የወጣው ውሃ ቡና መሰለ። የካርቡሬተሯን ቀጫጭን ቀዳዳዎች በብስክሌት የፍሬን ሽቦ አንድ ክር ጠረገ።

ሽማግሌው ወንበራቸውን አስወጥተው ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት መቀመጥ ለመዱ። ግራ እግራቸው ከጉልበቱ አይታጠፍም፤ ገና በጉልምስናቸው ከመሰላል ወድቀው ነው። የትም ሲቀመጡ እግሩ እንደ አጣና ተዘርግቶ መተላለፊያውን ይዘጋል። የቤቱ ሰዎች ግን ከለመዱት ብዛት ሳያዩት ይሻገሩታል፤ እንደ በር ደፍ።

«ጎረቤት ዛሬም አጥሩን ሲለካ ነበር» ይላሉ ሬዲዮናቸውን ከፍ አድርገው። «አንተ ለካርቡሬተሯ ጆሮ ትኮረኩራለህ።»

«እየመጣች ነው አባባ።»

«በእግሯ?»

እንግዳው ጥርሱን ነክሶ ይሠራል። አንድ ቀን መዘውሩ የጥፍር ያህል ነቅነቅ አለ፤ በማግስቱ ትንሽ ጨመረ፤ ከዚያ ድንገት ግማሽ ዙር ዞረ። እንግዳው ብቻውን ጮኸ። ሽማግሌው ሬዲዮኑን ጨመሩት።

የሞተሩ ጣጣ ሲያልቅ ወደ አካሏ ዞረ። እሱ ሲሠራ ንጹህ ነገር ይወዳል፤ የጠገነው ፍሪጅ ከፋብሪካ እንደወጣ ሆኖ ካልሄደ እንቅልፍ አይወስደውም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ከወንበሩ በስተግራ አንድ የተጣመመ ብረት ተበይዶ አገኘ። የአልጋ እግር ይመስላል። ብየዳው ጓል እንደ ተለጠፈበት ሻካራ ነው። ከታች ደግሞ በግራ እግር የሚረገጠው የፍሪሲዮኑ ፔዳል በመጋዝ ተቆርጦ ተጥሏል።

«ማነው ይህን ግፍ የሠራብሽ?» አለ ለትራክተሯ።

ብረቱን በመጋዝ ቆርጦ ወደ ደጅ ይዞት ወጣ። ሽማግሌው እጁ ላይ ያለውን አዩ። አፋቸው ተከፈተ፤ ተመልሶ ተዘጋ።

«ምነው አባባ?»

«ምንም። ሥራህን ሥራ። አዋቂ አይደለህ?»

ብረቱ ከሌላው ቅራቅምቦ ጋር ብረታ ብረት ለሚሰበስበው ሰው ሄደ። እንግዳው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ እየዞረ ከመሰሏ ትራክተር ላይ የተፈታ ፔዳል አገኘ። ገጠመው፣ አስተካከለው፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባት። ማምሻውን ሥራውን ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ይወጣና ፔዳሉን ይረግጣል፤ ይለቃል፤ መሪውን ይዞ በተከፈተው በር ጓሮውን ያያል። ሚስቱ አንድ ሁለት ጊዜ በመስኮት አይታዋለች።

የሙከራው ዕለት ሽማግሌው ጎረቤታቸውን ራሳቸው ጠሩት። ጎረቤቱ የሚያብረቀርቅ ቦቲ ተጫምቶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። የሰው ንብረት ሲያይ ፈገግ የሚል ሰው ነው።

«ይቺ ናት? ሙሽራ አስመሰላትኮ!»

«ሙሽራ መሆኗን ስትሄድ እናያለን» አሉ ሽማግሌው።

እንግዳው ገመዱን ሳበ። አንዴ ሳለች። ደግሞ ሳበ፤ ጭስ ተፋች። በሦስተኛው ሞተሩ ተነስቶ የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። እንግዳው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበሩን አሳየ።

«ይውጡ አባባ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ለልጃቸው ሰጥተው በቀኝ በኩል ወጡ። ተቀመጡ። ግራ እግራቸው ከአዲሱ ፔዳል በላይ አልፎ ወደ ፊት ተገተረ። የሚናገሩትን አዘጋጅተው ነበር የመጡት፤ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። ግን ከአፋቸው እጃቸው ቀደመ። ግራ እጃቸው በልማድ ወደ ወንበሩ ጎን ወርዶ አየር ጨበጠ። ከፈተው፤ ደግሞ ጨበጠ።

የዚያን ጊዜ እንግዳው ገባው። ያ የአልጋ እግር ፍሪሲዮን ነበር። እግራቸው አልታዘዝ ቢላቸው ሽማግሌው በእጅ የሚያዝ አድርገው የሠሩት፣ በገዛ እጃቸው የበየዱት።

ጎረቤቱ የሽማግሌውን እጅ አየ፣ ፔዳሉን አየ፣ ከዚያ ትከሻው በሳቅ ተነቀነቀ። «ታዲያ ልጁ ይንዳልዎ እንጂ ጋሼ! ለሱ ልክ ናት።»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ሞተሩን አጠፉ።

«ለራስህ እግር ነው የሠራሃት» አሉ እንግዳውን።

«አላወቅኩም አባባ። እውነቴን ነው…»

«ስንት ዓመት ሙሉ ይህን እግር ስትሻገር ኖረህ አላወቅክም?» ወደ ጎረቤቱ ዞሩ። «ሰኞ ና። የጓሮውን ቁልፍ ትወስዳለህ።»

ባልና ሚስት ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

«አይተውኛል» አለ ባል። «ብረቱን ይዤ ስወጣ ፊት ለፊት አይተውኛል። ዝም አሉ! ሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ዝም አሉ።»

«አባዬን አውቀዋለሁ፤ ያደርገዋል» አለች ሚስት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፤ አንዱን ሸሚዝ ደጋግማ ታጥፈዋለች። «አንተስ?»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«ስትሠራት ወንበሩ ላይ ማንን ነበር የምታየው?»

ባል ጥፍሩ ላይ የደረቀውን አረንጓዴ ቀለም መፋቅ ጀመረ።

«እኔ እነግርሃለሁ። አባዬን አልነበረም።» ሸሚዙን አልጋው ላይ ወረወረችው። «አሁን ሁለታችሁም ኩሩ። ሰኞ እኔ የሚከራይ ቤት ፍለጋ እወጣለሁ።»

እንግዳው ተነስቶ ወደ ሽማግሌው ሄደ። ሬዲዮናቸው ተዘግቶ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ዘንጉን መልሼ እሠራዋለሁ። ልክዎን ብቻ ልውሰድ። እጅዎ የት ድረስ እንደሚደርስ…»

«ለሬሳ ሳጥን ነው ልኩ?»

«ይተባበሩኝ እንጂ።»

«ውጣ።»

ወጣ። መጋዘን ገብቶ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ሁለት የሳጥን ጣውላ ፈልጎ የራሱን ግራ ጉልበት ከፊትና ከኋላ አጣብቆ በቀበቶና በገመድ ጥፍር አድርጎ አሰረ። እየጎተተ ትራክተሯ ላይ ወጣ። እግሩ እንደ ሽማግሌው እግር ወደ ፊት ተገተረ። ዓይኑን ጨፍኖ ግራ እጁን ለቀቀው፤ ያረፈበትን ቦታ በጠመኔ ሊያሰምር ጎንበስ ሲል በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

«አሃ!» አሉ ሽማግሌው። በትራቸውን ከፍ አደረጉ። «እንዲህ ነው? እንደኔ እያነከስክ ትጫወታለህ? ቤቴ ውስጥ?»

«ጨዋታ አይደለም አባባ፣ እየለካሁ…»

በትሩ ጣውላው ላይ ጧ አለ። እንግዳው ከመደንገጡ የተነሳ በግራ በኩል ልውረድ አለ፤ የታሰረው እግር መሪው ስር ተቀርቅሮ እንደ ጆንያ መሬት ላይ ወደቀ። ሽማግሌው አዩት። ከዚያ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣ።

«በቀኝ ነው የሚወረደው፣ ደደብ!»

እንግዳው ለመነሳት ሞከረ። የማይታጠፍ እግር ይዞ ከወለል መነሳት እንዲህ መከራ መሆኑን አያውቅም ነበር። በክርኑ ተደገፈ፤ ተንሸራተተ። ሽማግሌው እጃቸውን አልዘረጉለትም። በትራቸውን ተመርኩዘው ይመለከቱታል።

«አይተው ዝም አሉ!» ጮኸ ከወለሉ። በሽማግሌው ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። «ብረቱ እጄ ላይ እያለ አይተው ዝም አሉ! ልጅዎ ቤት አልባ ልትሆን ነው፣ እርስዎ ሬዲዮ ያዳምጣሉ!»

«አዎ፣ አየሁ።»

«ለምን ታዲያ?»

«ያን ብረት ከመቁረጥህ በፊት ይህ ምንድን ነው ብለህ መጠየቅ አልነበረብህም? ግፍ አልከው። ሰምቼሃለሁ። እኔ ያን ግፍ ስበይድ የዓይኔ ቆብ ተቃጥሎ ዓይኔ ሲያለቅስ ነው የሰነበተው።»

«ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር?»

ሽማግሌው ነገሩን ከልባቸው አሰቡበት።

«አልነግርህም ነበር» አሉ።

እንግዳው ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ቀና ብሎ አያቸው። ቀበቶውን ለመፍታት እጁን ሰደደ።

«ተው፣ አትፍታው» አሉ ሽማግሌው። «ውጣ። በቀኝ በኩል። መጀመሪያ ደህናውን እግር፣ ከዚያ በቂጥህ ዙር። እንደዚያ አይደለም! አንተን ማን ነው ፍሪጅ ያስነካህ?»

ወጣ። ተቀመጠ። ሽማግሌው በበትራቸው ጫፍ የሻንሲውን ብረት ነኩ።

«እዚህ ይበየዳል። ጫፉ ወደ ውጭ ይጣመም፤ ዞር ስል ጭኔን ሲወጋኝ ኖሯል ያኛው። እጅህን ልቀቅ። ልቀቅ አልኩህ! አዎ። ከዚያ ዝቅ ብሎ።»

«እዚህ ጋ?»

«ጠመኔ የያዝከው ለጌጥ ነው?»

እንግዳው አሰመረ። ሽማግሌው በር ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ «ብየዳውን ደግሞ አታቆንጃጀው፤ ጠብቆ ይያዝ ብቻ» አሉ። «ያን ፔዳልም ንቀልልኝ። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።»

ፔዳሉን ነቀለው። ሲነቅለው እጁ ለምን እንደዘገየ ያውቃል፤ የወንበሩ ነገር ከዚያ ፔዳል ጋር አብሮ እየሄደ ነው።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቱ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ቁልፉን ሊቀበል ሲመጣ፣ ትራክተሯ የጓሮውን እኩሌታ ገልብጣ ነበር። ሽማግሌው አንገታቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል። ግራ እጃቸው ዘንጉን ይዞ ይስባል፣ ይለቃል። የተገተረው እግራቸው ከፊት ለፊት መንገድ የሚያሳይ ይመስላል።

«ጋሼ! ቁልፉስ?» ጮኸ ጎረቤቱ በአጥሩ በኩል።

«የምን ቁልፍ?»

«ሰኞ ና ብለውኝ ነበርኮ!»

«መጣህ አይደል? አየህ። በል ቦቲህ ሳይቆሽሽ ተመለስ!»

ጎረቤቱ አጉረምርሞ ሠራተኞቹን ይዞ ሄደ። የእንግዳው ሚስት በኩሽናው በር ቆማ አየችና ለቤት ፍለጋ የተጫማችውን ጫማ ልትቀይር ገባች።

እንግዳው ባልዲ ይዞ ከማረሻው ኋላ ይራመዳል። የሚገለበጠውን ድንጋይ ይለቅማል። ጭሱ ፊቱ ላይ ነው፤ ጉልበቱ ላይ የገመዱ ሰንበር ገና ያቃጥለዋል። ሞተሩ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነቅፈው እኩል ይመታል፤ ጆሮው እሱን ብቻ እየሰማ ነው። ዳር ደርሰው ሽማግሌው ሲዞሩ ላብ በግንባራቸው ሲወርድ አየና ቀረብ አለ።

«አባባ፣ ከደከመዎት ይህን መስመር እኔ ልያዝልዎ?»

ሽማግሌው ዘንጉን ስበው ትራክተሯን አቆሙ። እስኪበቃቸው አዩት።

«ድንጋዩ አለቀ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

ዘንጉን ለቀቁ። ትራክተሯ ተወርውራ ተነሳች። እንግዳው ባልዲውን አንስቶ ተከተለ። ጥቂት እንደሄዱ ሽማግሌው የመስመራቸውን ቀጥ ማለት ሊያዩ ወደ ኋላ ዞሩና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«እንግዳው! ወደዚያ ፈቀቅ በል፣ ጥላህ መስመሬ ላይ ወደቀ!»

እንግዳው ባልዲውን በሌላ እጁ ያዘና በወዲያኛው ጎን ሄደ።