የሀኪሙ ሎሚ

ባሌን ጎረቤቱ ሁሉ «ሀኪሙ» ይለዋል። የምን ሀኪም! ዕድሜውን የፈጀው የኤሌክትሪክ ገመድ ሲዘረጋ ነው። ግን አበባው የጠወለገበት፣ ቅጠሉ ቢጫ የሆነበት ሁሉ ጣሳውን ታቅፎ የሚመጣው እኛ በር ነበር። መድኃኒት አይረጭም፤ ሳሙናና ውሃ፣ ጨርቅ፣ ትዕግሥት፣ በቃ። «ሀኪሙ፣ ይተርፋል?» ሲሉት፣ የሚተርፍ ከሆነ «አዎ» ይላል ባጭሩ። የማይተርፍ ከሆነ ዝም ብሎ ወደ ግድግዳው ያያል። መዋሸት አያውቅበትም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ነጭ ጨርቅ በተዘረጋበት ቤት አፈር ይዞ ሲገባ ደሜ ይፈላል። «ይዘህልኝ ውጣ!» እለው ነበር። እየሳቀ ጣሳውን ይዞ ደረጃው ላይ ይወርዳል፤ እዚያ የሚሠራውን ሠርቶ ይመለሳል። ምን እንደሚሠራ ወጥቼ አይቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው ቤት ውስጥ ቅጠል ሲጠርግ ብቻ ነው።

ከዚያ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ ተባለ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፣ አንደበቱ ተዘጋ። የቀረው ዓይኑ ነው። አሁን ፊቱን የሚያፈካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባልዲ ውስጥ ያሳደገው ሎሚ። ቅጠሉን ቀጥፌ፣ በጣቴ አሽቼ ካፍንጫው ሳስጠጋለት በደህናው ጎኑ ፈገግ ይላል። እኔ በዚያች ፈገግታ ነው የምኖረው። ሌላ የለኝም።

ታዲያ ሎሚው ታመመ። ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ጥጥ ጥጥ የሚመስል ነገር ወጣ፤ ስነካው ተባይ ነው። ጉንዳኑም ላይ ታች ይላል። ልጄ ፍሊት ገዝታ መጣች።

«እማዬ፣ ውጭ አውጥተን አንዴ ነፋ ነፋ እናድርገውና እንገላገል።»

«አብደሻል? አባትሽ የሚያሸተው እኮ ቅጠሉን ነው!»

ሳሙና በጠበጥኩ። ቅጠል በቅጠል፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ በቁራጭ ጨርቅ ጠረግኩ። ዛሬ ሲጸዳ ነገ ተመልሶ ነጭ ነው። ቅጠሉም ቢጫ እየሆነ መርገፉን አልተወም። ባልዲው ያለው ከባሌ ወንበር አጠገብ ነው። ስሠራ ያየኛል፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ታች ይጥላል። እኔን ያያል፣ ደግሞ ወደ ታች።

«እግርህን በረደህ እንዴ፣ የኔ ጌታ?» አልኩና ካልሲ አደረግኩለት። አሁንም ወደ ታች። ሌላ ደረብኩበት፣ የሱፍ። አሁንም ወደ ታች። «ኧረ በዚህ ሙቀት የምን ብርድ ነው!» ብዬ ተቆጣሁት እንኳ፤ አፌ መች ያርፋል። ዓይኑን ጨፈነ።

ዛሬ ጠዋት እየጠረግኩ ግንዱን ያዝ ሳደርገው ተነቃነቀ። ሳብ ባደርገው እንዳለ ተመዞ ወጣ። ሥሩ አልቋል። የቀረችው ጭራሮ ላይ ያ ጥጥ የሚመስል ተባይ ግጥም ብሎ ሰፍሮባታል። ለካ መነሻው እዚያ ነው! ለካ ደረጃው ላይ ወርዶ የሚሠራው ይሄን ኖሯል፤ ከጣሳው እያወጣ ሥሩን ነበር የሚመረምረው። እኔ ቅጠል ስጠርግ ከርሜአለሁ።

«ወይኔ ጉዴ! አንተ፣ ባልዲውን ነበር እንዴ የምታሳየኝ?»

ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። እንባው ጉንጩ ላይ ወረደ።

ተንበርክኬ ካልሲዎቹን አወለቅኩለት። እግሩ በላብ ርሷል፤ የካልሲው ጠርዝ ቆዳው ላይ ቀይ ሰንበር አውጥቷል። ስንት ነገር ብሎኝ ይሆን? መስኮቱን ሲያይ መጋረጃ ዘጋሁበት። በሩን ሲያይ ልጄን ጠራሁለት። ምን ፈልጎ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

ሥሩን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ እየተበጣጠሰ እጄ ላይ ቀረ። አዲስ አፈር አምጥቼ የምሰፋው ነጭ ጨርቅ ላይ ዘረገፍኩት፣ ማን ግድ አለው! መልሼ ተከልኩት፣ በጨርቅ ቅዳጅ ከእንጨት ጋር አሰርኩት። ከዚያ ቀና ብዬ ጎረቤቶቹ እንደሚጠይቁት ጠየቅኩት።

«ሀኪሙ፣ ይተርፋል?»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ይሄስ ገባኝ። ይሄን እንኳ ወዲያው ነው የገባኝ።

«በረደህ አይደል?» አልኩት እንዳልገባኝ ሆኜ፤ ካልሲውንም ከወለሉ አነሳሁ።