የተኛ አይጎነጎንም

ጣሊያን መንገዱን በይለፍ ወረቀት ከቆለፈው ወዲህ፣ ዘይቱና አገሯን የምታየው በዓመት አንዴ ነበር፤ እናቷ ከድሬዳዋ ወዲያ ካለው አሸዋ በምትልክላት የሣር ምንጣፍ። ዘንድሮም ክረምቱ ሲገባ ባሏ አብዱልወሃብ ጥቅሉን ከባቡር ጣቢያ ተሸክሞ ልደታ መጣና ከአልጋዋ ሥር አነጠፈላት። ዘይቱና አርባዋ ያልወጣ አራስ ነበረች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ናፍቆት መቼም የማያደርገው ነገር የለም፤ ድርቆሹ እናቷን እናቷን ሸተታት።

«እናቴ ደህና ናት አሉህ?»

«ደህና ናት» አለ አብዱልወሃብ፣ ጫማውን ለመፍታት አጎንብሶ።

ዝናቡ በጣለ በማግሥቱ ሕፃኗን ስታጠባ ከምንጣፉ ጠርዝ አንዲት አፈር የመሰለች ትንሽ ቢራቢሮ ብቅ አለች። ክንፏን አራገበችና እንደ ፌንጣ ተፈናጥራ አልጋው እግር ላይ አረፈች። ዘይቱና ብቻዋን ሳቀች። ልጅ ሳለች ከዝናብ በኋላ ስታባርራቸው የምትውለው እነዚህን ነበር። የበረሃ ፍጥረት ትዕግሥተኛ ነው፤ ገና ትል ሳለ ራሱን በሣር ቅጠል ጠቅልሎ ዝናብ እስኪመጣ ይተኛል። እናቷም ይህን ስለምታውቅ እያንዳንዱን ቅጠል በጣቷ ሳትዳስስ አትጎነጉንም ነበር። የታጠፈ ካገኘች «የተኛ አይጎነጎንም» ትልና ከቆመው ሣር ሥር ትመልሰዋለች። ሌሎቹ ሴቶች ሦስት ሠርተው እሷ ገና በአንዱ ላይ ናት፤ ቢስቁባት ግድ አልነበራትም።

ጎረቤቷ እትዬ ሀረገወይን አጥሚት ይዘው ገቡ፤ አብዱልወሃብም ተከትሏቸው ገባ። ቢራቢሮዋን አይተው «ደግ ነው ልጄ፣ ከእናትሽ ቤት እንግዳ መጣልሽ» አሉ።

የዘይቱና ሳቅ ጠፋ። ወርዳ ምንጣፉን በጣቷ ዳሰሰች። ቢራቢሮዋ የወጣችበት ቅጠል ከነእጥፋቱ ተጎንጉኗል። አጠገቡም ገና ያልተከፈተ ሌላ አለ።

«አብዱልወሃብ፣ ይህን የሠራው ማን ነው?»

አብዱልወሃብ እትዬ ሀረገወይንን አየ። እሳቸው አጥሚቱን አዩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አላወቀችም ነበር።

«እህትሽ ናት» አለ በመጨረሻ። «ምንጣፉ ከቀረ ትጠረጥራለች ብላ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ አርባሽ እስኪወጣ ብለን ነው።»

ዘይቱና አልጮኸችም። ሕፃኗን ለእትዬ ሀረገወይን ሰጠችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ጉንጉኑን በጥፍሯ ቀስ ብላ ፈታች፤ ትሉ የተኛበትን ቅጠል ሳትጎዳ አወጣችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ አለቀሰች።