የአልጋው ጉዞ

ፕሮፌሰሩ ሚስቱን «አህጉር» ብሎ የጠራት እንደ ዋዛ ነበር። ሴትየዋ ወፈር ያለች ናት፣ የምትራመደውም ዝግ ብላ ነው። እሱ ደግሞ የጂኦሎጂ መምህር ስለሆነ ቀልዱ ሁሉ ከድንጋይ ነው የሚወጣው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ትሪ ይዛ ብቅ ስትል፣ «መንገድ ልቀቁ፣ አህጉር እየመጣች ነው! በዓመት የምትሄደው ጥፍር የሚያድገውን ያህል ነው» ይላል። እንግዶቹ ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች፤ ምን ታድርግ? ስሙ ከሳሎን ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ባለሱቁ ሳይቀር «እትዬ አህጉር» ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አንድ ተማሪው፣ «ግን ፕሮፌሰር፣ አህጉሮቹን የሚገፋቸው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ማንም አይገፋቸውም!» አለ፤ ይህን ጥያቄ ሲወድ ለጉድ ነው። የምድር ቅርፊት እንደ እንቁላል ቅርፊት የተሰነጣጠቀ መሆኑን፣ ከሥሩ ያለው የጋለ አለት ድንጋይነቱን ሳይለቅ እንደ ሰም ዝግ ብሎ እንደሚላወስ፣ ስባሪዎቹም በላዩ ተጭነው እንደሚሄዱ አስረዳ። «ዋናው ግን ክብደት ነው። የስባሪው አሮጌ ጠርዝ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲሰምጥ የቀረውን ይጎትተዋል። እዩ!»

የጠረጴዛውን ልብስ አንድ ጫፍ ወደ ታች ስቦ ለቀቀው። ጨርቁ መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን እያለ ወረደ። ከእናቷ የወረሰቻቸው ብርጭቆዎችም አብረው ወረዱ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። አህጉር ተንበርክካ ስባሪውን ስትለቅም፣ «በዚህ ፍጥነትሽ ለቅመሽ ሳትጨርሺ ሌላ ውቅያኖስ ይፈጠራል» አላት። ያኔ ትንሽ የነበረችው ልጃቸው ከእናቷ ጎን ተንበርክካ አብራት ለቀመች። ጣቷን ቆረጣት፤ አላለቀሰችም።

ዓመታት አለፉና ፕሮፌሰሩን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ከዳው፣ ያ ምላሱም ግማሽ ሆነ። ለማያውቀው አንጀት የሚበላ ነገር ነበር። ሚስቱ መስኮቱ ሥር አስተኛችው። ከመንገዱ ማዶ ለግንባታ የተቆረጠ ኮረብታ አለ፤ የአለቱ ንብብር አንድ በአንድ ይታያል። ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያነብ ይውላል። ከዚያ ሌላ የቀረው ደስታ አልነበረም።

እሷም በየጥዋቱ ክፍሉን ትጠርጋለች። ከአልጋው ሥር ጠርጋ ቀና ስትል፣ በጉልበቷ አልጋውን ከመስኮቱ ወዲህ ገፋ ታደርገዋለች፤ ጣት የማይሞላ ያህል። ከዚያ ወጥታ ቁርሱን ታመጣለታለች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የመስኮቱ ጠርዝ ኮረብታውን ከግራም ከቀኝም ይበላው ጀመር። ባንክ የምትሠራው ልጁ እሁድ ልትጠይቀው ስትመጣ፣ «አልጋው... እየሄደ ነው» አላት።

«አልጋ ወዴት ይሄዳል፣ አባዬ?» ብላ ግንባሩን ሳመችው።

«እህቴ ጋ... ውሰጂኝ።»

እህቱ ሌላ ከተማ ናት፤ ትወደዋለች፣ ልውሰደው ብላም ለምናለች። ልጅቷ ነገሩን ለሐኪም ሰጠችው። አእምሮው ደህና ከሆነ እንደጠየቀው ወደ እህቱ ይሄዳል፤ ካልሆነ ስለ እሱ የምትወስነው ሚስቱ ናት።

ፕሮፌሰሩ ሐኪሙን ሲጠብቅ አንድ ቀን ዓይኑ ወለሉ ላይ አረፈ። ቀዩ የፕላስቲክ ምንጣፍ በፀሐይ ነጣ ብሏል፤ ግን እኩል አልነጣም። መስኮቱ አጠገብ ግራጫ ሆኗል፣ ወደ አልጋው ሲቀርብ ሮዝ ይሆናል፣ አልጋው ሥር ሲደርስ እንደ አዲስ ቀይ ነው። አልጋው እየሸሸ ሲሄድ የተገለጠው ሁሉ በተራው ፀሐይ መታው ማለት ነው። የውቅያኖስ ወለልም እንዲሁ ነው፤ መሃል ላይ ካለው ስንጥቅ አዲስ ወለል ይወጣል፣ ከስንጥቁ በራቀ መጠን ያረጃል። አህጉር አይንቀሳቀስም እያሉ ሲስቁ የነበሩትን አፍ ካስያዙት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር። ያን ቀን ፕሮፌሰሩ በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ ዋለ።

ሐኪሙ ከልጅቷ ጋር መጣ። ቀኑን ጠየቀው፣ መለሰ። የልጁን ስም ጠየቀው፣ መለሰ።

«ጥሩ ነው፣ ፕሮፌሰር። አልጋው ይሄዳል ይላሉ አሉ?»

«ወለሉን... እዩ።»

ልጅቷ ተንበረከከች። ግራጫውን፣ ሮዙን፣ ቀዩን በእጇ ዳሰሰች። ቀና ስትል የአልጋው እንጨት ከጉልበት ትክክል ቀለሙ ተፍቆ አየች። እናቷን አየቻት። እናቷ እጇን አጣምራ በር ላይ ቆማለች። አባትየው የልጁን ዓይን አየና እንደገባት አወቀ። ደስታው እንባ ሆኖ ወረደ።

ልጅቷ ከተንበረከከችበት ቶሎ አልተነሳችም። በአውራ ጣቷ የሌላ ጣቷን አሮጌ ጠባሳ ታሻሽ ነበር።

«ምንጣፉ ዱሮም እንዲህ ነው፣ ዶክተር» አለች። «አልጋው ከቦታው ንቅንቅ አላለም።»

ፕሮፌሰሩ ጮኸ፤ ከግማሽ ምላስ የወጣው ግን ቃል አልሆነም። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ወደ ሚስትየው ዞረ። «ይሄን ሁሉ ችለው ማስታመምዎ! እንደርስዎ ያለች ሚስት ስንቱ ያገኛል?»

«የኔው ነው፤ የትም አይሄድም» አለች።

ሲሄዱ ብርድ ልብሱን አለበሰችው። በማይሰማው ጎኑ በኩል ረዘም አድርጋ ወደ ታች አንጠለጠለችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ደህናውን እጁን በእጇ ያዘችና በጥፍር መቁረጫ ጥፍሩን ትቆርጥለት ጀመር።

ብርድ ልብሱ ገና ሳይነቃነቅ ገባው። መጀመሪያ ቀስ አለ፤ ደረቱ ተገለጠ። እጁን ሊነጥቃት ሞከረ፣ አጥብቃ ያዘችው።

«ጎ... ጎተትሽው!»

«እኔ? እጄ እጅህ ላይ አይደል እንዴ? ማንም አይነካውም። በገዛ ክብደቱ ነው።»

ብርድ ልብሱ ፈጠን እያለ ወለሉ ላይ ተከመረ። ሰውየው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷ የሚቀጥለውን ጣት ያዘች።

«አይዞህ» አለችው። «አልቸኩልም።»