ልጄ አላለቀሰችም

ታናሽ እህቴ ልጄን ከወንበሯ ያስነሳቻት «ለቅሶሽ ደንበኛ ያባርርብኛል» ብላ ነው። ልጄ ግን አላለቀሰችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ አብራችሁኝ እንድትናደዱ ነው።

እህቴ ፀጉር ቤት አላት። ልጄ እዚያ ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇን የለመዱ ሴቶች ወረፋ ይጠብቁላታል። ቦታዋ ግን ክፉ ነው። ጭንቅላት ላይ የሚደፉት ማድረቂያዎች፣ ካስክ የሚሏቸው፣ ፊት ለፊቷ ተደርድረዋል። እህቴ ደግሞ ደንበኞቿን በሙቀቱ እንዳያልባቸው ብላ ከኋላቸው ቬንትሌተር አቆመች። ለእነሱ ቀዘቀዘላቸው። ያ ሁሉ የጋለ ነፋስ ታዲያ የት ይሂድ? ልጄ ፊት ላይ።

ዓይኗ መቅላት ጀመረ። አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራትና ከዚያ ውሃው ዱብ ዱብ ይላል። ፀጉር ቤቱ የራሱ መድኃኒት አለው፤ መስታወቱ ሥር የምትቀመጥ፣ የቀላ ዓይን የምታነጣ ጠብታ። ድካም እንዳይታይባቸው ሁሉም ከዚያችው ጠርሙስ ይጨምራሉ። ልጄም ጠዋት ጨመረች፣ ቀትር ላይ ጨመረች። ለጊዜው ይነጣል፣ ቆይቶ ብሶበት ይቀላል።

ለሠርጓ ልትሠራ የመጣች አንዲት ደንበኛ በመስታወቱ አየቻትና «ይሄ የሚጋባ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ይሥራኝ» አለች። እህቴ ለልጄ አንድ ቃል አልተከራከረችላትም። ፎጣ እንድታጥብ ወደ ጓዳ ሰደደቻት።

«አክስቴ፣ አላለቀስኩም እኮ» ብትላት፣

«ዓይንሽ እስኪነጣ እዚያው ሁኚ። ካልነጣ በወንበርሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ» አለቻት።

ልጄ ቤት ስትገባ ጫማዋን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ሁሉን በሆዷ የምትይዝ ልጅ ናት፤ ጫማ ከወረወረች በቃ፣ አንገቷ ድረስ ደርሷል ማለት ነው።

በነጋታው ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ዶክተሯ በመሣሪያዋ አየቻትና «የዓይን ድርቀት ነው» አለች።

«አትቀልጂብኝ፣ ዶክተር» አልኳት። «ይኸው እንባው ጉንጯን እያጠባት?»

ዶክተሯ አልተቀየመችም። «እማማ፣ ክው ብሎ በደረቀ መሬት ላይ ዶፍ ሲወርድ አይተዋል? ላዩን ጠርጎ ያልፋል እንጂ አይሰርግም። የዓይን ቆብ ጫፍ ላይ ቅባት የሚያወጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። እነሱ ሲደፈኑ እንባው ቶሎ ይተናል። የደረቀው ዓይን ይቆጣና ውሃ ይለቃል፤ ያ ውሃ ግን ዓይን ላይ አይቆይም።»

ከዚያ ምን እንደሚነፍስባት፣ ምን እንደምትጨምርበት ልጄን ጠየቀቻት። ስለ ጠብታዋ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «እሱ ያነጣል እንጂ አያርስም። ሲደጋገም ራሱ ያቀላል። ጠብታ ደግሞ በጋራ አይጨመርም።» እንባን የሚተካ ሌላ ጠብታ አዘዘችላት። ጠዋት ጠዋት ዓይኗን ጨፍና የሞቀ ፎጣ እንድታደርግበት፣ ከዚያም ቆቡን በቀስታ እንድታሽ፣ ስትሠራም ዓይኗን ቶሎ ቶሎ እንድታርገበግብ ነገረቻት። «ከሁሉ በፊት ግን ከነፋሱ ዘወር በዪ።»

«ይድናል?» አልኩ።

«ከተጠነቀቁለት ይሻላል። ከተዉት ይመለሳል።»

«ይጋባል?»

«በፍጹም።»

ያኔ ነው ደሜ የፈላው።

በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድን። ቤቱ ጢም ብሏል። ልጄ ነጠላዬን እየጎተተች «እማዬ፣ በሞቴ ተይ» ትለኛለች። እኔ ወንበሯ ላይ ዘፍ አልኩ።

«እትዬ፣ ምነው ዛሬ?» አለች እህቴ።

«ፀጉር ልሠራ ነዋ። አንቺው ቢጉዲ ጠቅልዪልኝ።»

«እኔ? በእጄ መሥራት ከተውኩ ስንት ዘመኔ።»

«እጅሽ ረሳ እንዴ? እዚህ ቁሚ፣ የልጄ ቦታ ላይ። ቬንትሌተሩን እንዳትነኪ።»

ሰው ስለሚያያት እምቢ ማለት አፈረች። አንዱን ጠቀለለች፣ ሌላውን ጠቀለለች። ነፋሱ ፊቷን ይገርፋታል። ዓይኗን ጠበብ አደረገች፣ በክንዷ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። ግማሽ ጭንቅላቴ ሳያልቅ ውሃው በአፍንጫዋ ጥግ ወረደ።

ካስክ ሥር የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ፣ በማድረቂያው ጩኸት የራሷ ድምፅ ለራሷ አይሰማትም መሰለኝ፣ ቤቱን የሚያናውጥ ድምፅ አወጣች፤ «እንዴ፣ ምን ያስለቅስሻል? ሰው ሞተብሽ?»

«አላለቀስኩም» አለች እህቴ።

በመስታወቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ይህን ቃል ማን ነበር ያለሽ?» አልኳት።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለች።

«ልጄን ጓዳ ስትሰጂያትስ ሰው አልነበረም?»

ማበጠሪያዋን አስቀምጣ ቬንትሌተሩን አጠፋች። እኔም ከወንበሩ ተነስቼ ጠብታዋን ከመስታወቱ ሥር አንስቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት።

«በይ፣ ወደ ወንበርሽ ተመለሺ» አለቻት እህቴ ልጄን፣ ፊቷን ሳታያት።

«እዚህ አልመለስም፣ አክስቴ» አለች ልጄ። «መስኮቱ ጋ ነው የምሠራው።»

የመስኮቱ ጥግ የእህቴ የራሷ መቀመጫ ነው፤ እግሯን ዘርግታ ቤቷን የምትቃኝበት። ወደ እኔ ዞረች፣ እንድገላግላት። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። መጨረሻ ላይ ወንበሩን ራሷ እየጎተተች ወሰደችላት።

አሁን በየጠዋቱ፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ልጄ መስኮቱ ጋ ጋደም ብላ ዓይኗን በሞቀ ፎጣ ትሸፍናለች። ፎጣውን ጓዳ ገብታ የምታሞቀው እህቴ ናት አሉኝ። ታሙቅ። ይቅርታ የምትል ቃል ግን እስካሁን ከአፏ አልወጣችም። እኔም ያን ቀን ግማሽ ጭንቅላቴ በቢጉዲ እንደተጠቀለለ ወጥቻለሁ፤ ያቺ ቃል እስክትወጣ ፀጉሬን የምሠራው ሌላ ቤት ነው።