ሦስት ሰዓት ላይ የቆመችው ገጽ

እኔ የአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨር ጠባቂ ነኝ፤ ባለቤቴ ነርስ ናት። አምና የፈተና ውጤት የወጣ ቀን ድረ ገጻችን ወድቆ ወላጅ ሁሉ ሲያብጠለጥለን ዋለ። ዘንድሮም ከወደቀ ሥራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አለቃዬ ቁርጡን ነገረኝ። ደሜ ፈላ።

ምን አለፋችሁ፣ መሸጎጫ ሠራሁ። ሰርቨሩ አንዴ ያዘጋጀውን ገጽ ያስቀምጥና ለሚቀጥለው ጠያቂ ያንኑ ያቀብላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ አይደክምም። የሰርቨሩን ጤና፣ የፋይል ማስቀመጫ ዲስኩ ምን ያህል እንደሞላ ሳይቀር፣ የምታሳይ አንዲት መመርመሪያ ገጽም ጻፍኩ። የውጤቱ ቀን ጠዋት አድራሻዋን ለባለቤቴ ላኩላትና፣ ዛሬ ባልሽ ማን እንደሆነ ታያለሽ ብዬ ጉራዬን ነዛሁ።

መመርመሪያዋ ሁሉም ደህና ነው ትላለች። እኔም እግሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። አምስት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከሆስፒታል ደወለች።

«እኔ የምልህ፣ ዲስኩ ሦስት ሰዓት ላይ አርባ አንድ በመቶ ይል ነበር፤ አሁንም አርባ አንድ። የበሽተኛ ሙቀት እንዲህ ፍንክች ካላለ እኛ የምንጠረጥረው መለኪያውን ነው።»

ክው አልኩ። ለካ በችኮላ ሁሉንም ገጽ ሸጉጥ ስለው መመርመሪያዋንም ሸጉጧታል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ የማየው የጠዋቱን ጤና ነው። አይ እኔ ጅሉ! ከመሸጎጫው አውጥቼ ባያት፣ የተሸጎጠው ገጽ ተከማችቶ ዲስኩ ዘጠና ሰባት በመቶ ሞልቷል። ትንሽ ቢቆይ ድረ ገጹ ወድቆ አልቆልኝ ነበር። ያረጁ ፋይሎችን ጠራርጌ፣ ለመሸጎጫውም ልክ አበጀሁለት።

ላመሰግናት ስል ሌላ ነገር ብልጭ አለብኝ። የይለፍ ቃል ሳልሰጣት እንዴት እንደገባች ጠየቅኳት። ማንም ምንም አልጠየቀኝም አለች። የሰርቨሩን ጓዳ ላገር ምድሩ ከፍቼ ነው ለካ ስኮፈስ የነበረው! ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ፤ ወዲያው ቆለፍኩት።

ድረ ገጹ ሳይወድቅ ዋለ። ቤት ስገባ ባለቤቴ ስልኳን አሳየችኝ፤ ገጿ የይለፍ ቃል እየጠየቀች አላስገባም ብላታለች።

«ያዳንኩህ እኔ፣ በር የተዘጋብኝ እኔ» አለች እየሳቀች።

በማግስቱ አንድም ሳልደብቅ ለአለቃዬ ነገርኩትና ለእሷም መግቢያ እንዲፈቅድላት ለመንኩት።

«ሥራው ያንተው ነው» አለኝ። «እሷ እያየችህ እስከሆነ ድረስ።»

መቼም ሌላ ቀን ቢሆን እቀየመው ነበር። ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ የይለፍ ቃሏን አወጣሁላት።