እግሩ ራርቶ እንደሆነ

ልጆቼ፣ እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም። አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስሳሳት እንዳትስቁብኝ ነው። ለሽምግልና ስጠራም ኳስ ታውቃለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

ዘመነ የጎረቤቴ ልጅ ነው። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አናጢ ሆኖ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ለሰፈራችን ቡድን ይጫወታል። ተከላካይ ይሉታል፤ ከበረኛው ፊት ቆሞ የሚመጣውን የሚመልስ ማለት ነው። ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የደምበጫ ልጆች መጥተው በሜዳችን አንድ ለባዶ አሸነፉን። ጎሏን ያገባው አስማማው የሚባል አጥቂ ነው። እሱን እንዲይዝ የታዘዘው ዘመነ ነበር። አስማማው ደግሞ የዘመነ አበልጅ ነው፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ የተወራውን እናንተው ገምቱት። ለአበልጁ ለቀቀለት ተባለ። አስማማው ለልጁ ማተብ አሰረለት፣ ዘመነ ብድሩን በጎል መለሰ እያሉ በየሻይ ቤቱ ይስቁ ጀመር። ሚስቱ ሥራነሽ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ሳለ ይህንኑ ሰምታ፣ እህሏን ሳታስፈጭ ተሸክማ ተመለሰች። አሰልጣኙ ታዲዮስ፣ ተማሪ ቤት ስፖርት የሚያስተምረው፣ ከቡድኑ ሊያስወጣው አሰበ። ዘመነም ብወጣ እወጣለሁ፣ ከዳተኛ ተብዬ ግን አልወጣም፤ ሽማግሌ ይየኝ አለ።

እሱ እኔን መረጠ። ቡድኑ መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስን መረጠ፤ ድጓ አዋቂ ናቸው፣ ሲናገሩ ቃላቸው አጭር ነው። ምስክር ማን ይቆጠር ስንል ታዲዮስ ምስክር አያስፈልግም፣ ጨዋታው ተቀርጿል አለን። ደስ አለኝ። ሰው ሲመሰክር ይረሳል፣ ይወዳል፣ ይጠላል፤ ካሜራ ግን ዘመድ የለውም ብዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ማሳያ ቤት ገባን። ወንበሩ ባዶ ነው፤ ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ተዘግቷል። ጨዋታውን የቀረጸችው ያለምዘውድ ናት፤ እንጀራዋ ሰርግ መቅረጽ ነው። ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ አገናኝታ ከፈተችው። ፊልሙ በጫማ ጀመረ። የተጫዋቾቹ ጫማ በየተራ ቀስ እያለ ታየ፤ ቀጥሎ የአምበሉ ፊት በአበባ ተከቦ ወጣ። መሪጌታ ጥቂት አይተው፣ “ሙሽራው የትኛው ነው?” አሉ። ታዲዮስ ሊስቅ ቃጣውና አፉን በእጁ ያዘ።

ጨዋታው ሲጀመር ታዲዮስ ኳሱን አትዩ አለን። ዘመነን ብቻ እዩ፤ ኳስ ከሩቅ ሲሻገር፣ ገና አየር ላይ ሳለች፣ የት ነው የቆመው? አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ኳሱን ያያል ወይስ አንዱን ይረሳል? ተከላካይ የሚመዘነው ኳሷ ከደረሰች በኋላ ሳይሆን ከመድረሷ በፊት ነው አለ። እሺ ብዬ ዘመነን ማየት ያዝኩ። ዘመነን ሳይ ኳሷ ትጠፋኛለች። ኳሷን ስፈልግ ዘመነ ይጠፋኛል። ሁለቱን አንድ ላይ አገኘሁ ስል ደግሞ ያየሁት የደምበጫውን ልጅ ሆኖ ተገኘ። መሪጌታ በጎን አዩኝ፤ እሳቸውም እንደኔው ናቸው መሰለኝ።

ታዲዮስ እያቆመ፣ እየመለሰ ሲያሳየን ግን ቀስ በቀስ ገባኝ። ከእረፍት በፊት ዘመነ ከአስማማው አልተለየም። ኳስ በተሻገረች ቁጥር ትከሻው ከትከሻው ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ ቅልጥሙን መትቶ ጣለው፤ አስማማው እግሩን ይዞ ሲንከባለል አየን። እዚህ ላይ እኔ የዘመነ ሽማግሌ ልቤ ሞላ። ለአበልጁ የሚራራ ሰው እንዲህ ይማታል?

ከእረፍት በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ኳስ ስትሻገር ዘመነ ይርቃል። ታዲዮስ ምስሉን አቁሞ ጣቱን በሁለቱ መሃል አደረገ።

“ይህን ክፍተት ያዩታል አባባ? እዚህ መሃል በቅሎ ከነጭነቷ ታልፋለች።”

ዘመነ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ጎሏ መጣች። ኳሷ ከቀኝ በኩል ተነስታ አየር ላይ ናት። ዘመነ ወደ አስማማው አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ እግሩን አነሳ። ወዴት እንደሚያሳርፈው ልናይ ሁላችንም ወደፊት ተጎነበስን። ያኔ ምስሉ ሜዳውን ትቶ ተመልካቹ ዘንድ ሄደ። የክብር እንግዳው ከመቀመጫቸው ሲነሱ አሳየ። ከእሳቸው ኋላ አንድ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አፉን ከፍቶ ያዛጋል። እኔ ነኝ። ምስሉ ወደ ሜዳ ሲመለስ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት።

ሁላችንም ወደ ያለምዘውድ ዞርን። እሷ አልደነገጠችም። ሰርግ ላይ እንግዳ ሲነሳ ካልቀረጽኩ እወቀሳለሁ፤ እጄ ለምዶ ነው አለች። ምን ትሏታላችሁ? ለሙሽራ የሚሆን እጅ ለዳኝነት አልሆነም።

ዘመነ ተጠየቀ። ግራውን የሚጠብቀው አንተነህ እግሩን ታሞ ያነክስ ነበር፤ ኳሷ እዚያ ብትወድቅ የሚደርስላት ስለሌለ በሁለቱ መሃል ቆምኩ አለ። ታዲዮስ መለሰና አሳየን፤ እውነትም አንተነህ በምስሉ ዳር ያነክሳል። መሪጌታ እንግዲያው ልጁ ንጹሕ ነው አሉ። ታዲዮስ ግን አልለቀቀም። ወደ መጀመሪያው መልሶ አሳየን፤ አንተነህ ያኔም ያነክሳል። ያኔ አንተነህን ትቶ አስማማው ላይ የተለጠፈ ሰው ከእረፍት በኋላ አንተነህን ምን አስታወሰው? አለ። መሪጌታ ቃላቸውን ዋጡ። እኔም ከሳሹ ሲናገር ከሳሹን አምናለሁ፣ ተከሳሹ ሲናገር ተከሳሹን። እንዲህ ያለ ሽምግልና ገጥሞኝ አያውቅም።

ግራ ሲገባኝ የቀረኝን ጠየቅሁ። በእረፍት ሰዓት ምን ሆነ? ያንን ካሜራው አላየውምና።

ዘመነ ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆየና፣ አስማማውን መትቶት ስለነበር በእረፍቱ ወደነሱ ወገን ተሻግሮ፣ ጉልበቱን ስሞ ይቅርታ እንደጠየቀው ነገረን። “አበልጄን በእግሬ መትቼ እንዴት ውሃ እጠጣለሁ አባባ?” አለኝ። አስማማውም ይቅር ብሎታል፣ ግን ቅልጥሙ አብጦ ነበር፤ እብጠቱን በዓይኑ አይቶታል።

ታዲዮስ ይኸው፣ ራርቶለታል አለ። መሪጌታ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት፤ ነገሩ የሰውና የእግዚአብሔር ስለሆነ ይማልና ይለቅ አሉ። በአገራችን ምስክር ያጣ ነገር የምንዘጋው በመሐላ ነው። የማለ ነፃ ይወጣል፣ አልምልም ያለ ይፈረድበታል።

ዘመነ ተነሳ። ማተቡን ያዘ።

“ጨዋታውን አልሸጥኩም። በዚህ እምላለሁ።”

ደግ፣ ጨርሰው አሉት መሪጌታ።

“እግሬ አልራራለትም ብዬ ግን አልምልም። አላውቀውማ።”

ታዲዮስ ፊልሙን መልሶ ጎሏ ዘንድ አቁሞት ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ እኔ አሁንም አፌን እንደከፈትኩ ቆሜያለሁ፤ የሚዘጋልኝ አልተገኘም። መሪጌታ መሐላ ግማሽ የለውም አሉ። እኔ ደግሞ አታላይ ቢሆን ሙሉውን ምሎ በወጣ ነበር አልኩ። አንዱን ብንይዝ አንዱ ያመልጠናል፤ እንደ ኳሷና እንደ ዘመነ።

የፈታው ታዲዮስ ነው፣ ከተፈታ። ላፕቶፑን ዘጋና ዘመነ ከቡድኑ አይወጣም አለ። አንተነህ ድኗል፤ ደምበጫ ላይ በመልሱ ጨዋታ አስማማውን እሱ ይይዛል። ዘመነ ማንንም አይይዝም፤ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ያመለጠውን ይመልሳል። ዘመነ እሺ አለ። እኔና መሪጌታ መረቅነው። በሩን ሲከፍት ግን ፊቱን አየሁት፤ የተፈረደበት ሰው ፊት ነው። ከአበልጁ አርቀው ሲያቆሙት ለካ ይህም ፍርድ ነው። ያንን ያወቅሁት እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ደምበጫ በሚኒባስ ሄድን። ከሌሎቹ ቡድኖች በሰበሰብነው ነጥብ፣ አቻ ከወጣን እናልፋለን ተብሏል። ሜዳው ስንደርስ ለሽማግሌ ክብር ብለው ከተመልካቹ መሃል ወንበር ሰጡኝ። ከእረፍት በፊት ደኅና እያየሁ ነበር። ከእረፍት በኋላ ግን ልጆቹ ቦታ ተለዋወጡና የትኛው ጎል የኛ እንደሆነ ጠፋኝ። ሰው ሲያጨበጭብ እያየሁ አጨበጭብ ጀመር፤ ሁለት ጊዜ ለደምበጫ አጨብጭቤ መሪጌታ ክንዴን ያዙኝ።

ሊያልቅ ሲል ረጅም ኳስ ተሻገረች። አንተነህ አዳልጦት ወደቀ። አስማማው ብቻውን አለፈ። እዚህስ አልተምታታብኝም፤ ከፊቱ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ዘመነ ነው። ያመለጠውን ሁሉ ጠብቅ ያልነው ሰው ዘንድ የሚያመልጠው አስማማው ይሆናል ብለን አላሰብንም። ሁለቱ ሲቀራረቡ በፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የታየኝ ጀርባና ጋቢ ነው። ጩኸት ሰማሁ፤ የማን ጩኸት እንደሆነ አላወቅሁም። ፊሽካ ተነፋ።

አጠገቤ የተቀመጠውን ደምበጬ ምን ሆነ አልኩት። ልጃችሁ ኳሱን ነጥቆታል፣ ዳኛው ደግሞ ቅጣት ሰጥቶበታል አለኝ። ነጥቆ እንዴት ይቀጣል ብዬ ብጠይቀው፣ እኔንም የገረመኝ እሱው ነው አባቴ አለ። ቅጣቱን ራሱ አስማማው መታው። ኳሷ ከጎሉ በላይ ሄዳ፣ ከሜዳው ዳር የታሰሩትን የጋሪ ፈረሶች አስደነበረች። ጨዋታው ባዶ ለባዶ አለቀ፤ አለፍን።

ያለምዘውድ እየሮጠች መጣች፤ ዛሬ እንግዳ የሚባል አልቀረጽኩም እያለች። የክብር እንግዳው ቢነሱም ቢቀመጡም አላየኋቸውም አለች። ታዲዮስ፣ መሪጌታና እኔ በጃንጥላዬ ጥላ ስር ካሜራዋ ላይ ተደፋን።

አስማማው ይሮጣል። ዘመነ ይጠብቀዋል፤ አሁን ክፍተት የለም። የዘመነ እግር ቀድሞ ገብቶ ኳሷን ብቻዋን ወሰዳት፤ ሰውየውን አልነካም። አስማማው በራሱ ሩጫ ተወርውሮ በግንባሩ ሊወድቅ አየር ላይ ነው። ያኔ ዘመነ ሁለት እጁን ዘርግቶ ደረቱን አቀፈው። ሁለቱም በጉልበታቸው ወረዱ። ዳኛው ያየው እቅፉን ነው።

መሪጌታ እግሩ አልራራም አሉ። ታዲዮስ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ፣ “እጁስ? ኳሱን ካስጣለ በኋላ ሰውየውን ምን አቀፈው? ያ ቅጣት ቢገባ ወጥተን ነበር” አለ። ጥፋት ልንለው ነው ወይስ ምን? መልሺው አላት። መለሰችው። አሁንም አየን፤ አሁንም እግሩ ይወስዳል፣ እጁ ያቅፋል። ከኋላችን የደምበጫ ጎረምሶች አስማማውን ሲሳለቁበት ይሰማል፤ እንደ ክርስትና ልጅ ታቀፍክ ይሉታል፣ ለአበልጁ ሲል ወደቀ ይላሉ። ወሬው ወገን ቀይሮ ነበር። አስማማው ነገ የሚመርጠውን ሽማግሌ አሰብኩና አዘንኩለት።

ዘመነ ፊልሙን ሊያይ አልመጣም። ቆይቶ፣ ሁሉም ወደ መኪናው ሲሄድ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ አጠገቤ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

“አባባ፣ እግሬ ምን አደረገ?” አለኝ።

“ኳሷን ወሰደ ልጄ። ሰውየውን አልነካም።”

አየር ስቦ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ለሥራነሽ እርስዎ ይነግሩልኛል አለኝ፤ እሺ አልኩት። ስለ እጁ አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁበትም።