ያደረ ዳቦ

ድርቤ ያደሩትን ዳቦዎች ከሥር፣ ትኩሶቹን ከላይ ደርድራ ሳትጨርስ ታረቀኝ ስልኩን እያየ ከጎን ሱቁ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ሃዳ ሊሊሴ! የግብር ቅሬታውን መመሪያ አገኘሁት!» እንዴት አደርሽ፣ የሊሊሴ እናት ማለቱ ነው፤ ሰፈሩ በልጇ ስም ነው የሚጠራት።

«ታዲያ አንብበው! ምን ያስቆምሃል?»

ታረቀኝ ሳሙናና ፕላስቲክ ይሸጣል። አባቱ ከወሎ መጥቶ ጨለለቂ የሚባል ቦታ የሰፈረ ነው፤ እሱ ግን እዚሁ ነው የተወለደው። «የቀን ገቢ ግምት ቅሬታ ያለው ነጋዴ…» ብሎ ጀመረና ቆመ። «ይሄ የአዲስ አበባ ነው።»

«የእኛስ?»

«ቆይ… ይሄ የሐዋሳ። ይሄኛው ደግሞ እንደ አንቺ ጠያቂ ነው፤ የመለሰለት የለም።»

«ማሎ፣ እባክህ፣ ነቀምት በለው!»

«ብዬዋለሁ። የሆቴል ዋጋ ነው የሚያመጣልኝ።»

ድርቤ ሻሿን ፈታ መልሳ አሰረችው። ቅሬታ መቀበያው ዛሬ ያበቃል። በተጻፈባት ግምት ግብር ከከፈለች ሻይ ቤቷ ሐምሌ ሳይወጣ መዘጋቱ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የራሷ አፍ ነው። የግብር ገማቾቹ መጥተው «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሏት፣ በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንደለመደችው «ተባርኳል! ሞልቶ ይፈሳል!» አለቻቸው። የእሷ ጉባኤ ሰዎች «የለም» አይሉም። «የለም» ያለ ሰው ችጋርን በራሱ ላይ ጠራ ይባላል።

«ለጌታ የሚባለውን ለገማች ንገሪ ማን አለሽ?» አለ ታረቀኝ። «እኔ ዝንብ ነው የማባርረው ብዬ ተገላገልኳቸው።»

«ሱቅህ ጢም ብሎ! አንተም ዋሸህ፣ እኔም ዋሸሁ። የአንተ ውሸት ግብሩን አቀለለልህ፣ ያ ብቻ ነው።»

ስልኩን ተወችው። ያደሩትን ዳቦዎች ለይታ በሳፋ ሞላች፣ በጨርቅ ሸፈነች፣ ባጃጅ ጠራች።

ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሰልፉ ከበር ወጥቷል። ተራዋ ሲደርስ ሞረዳ የሚባለው ሠራተኛ ሳፋውን አይቶ እጁን ሰበሰበ።

«አዴ፣ እዚህ ስጦታ አንቀበልም።»

«ጉቦ ቢሆን ትኩስ አመጣልህ ነበር።» ጨርቁን ገለጠችው። «ንካው። የትናንት ነው። ከሥር ያለው ከትናንት ወዲያ የተጋገረ።»

ሞረዳ አንዱን ጫን አደረገው። አልጎደጎደም። ሳቁን ዋጠ። «ዳቦ አልመዘግብም፤ ቃል ነው የምጽፈው። እንደገና እንዲገመትልዎ ምክንያቱን በአፍዎ ይንገሩኝ። ሥራ እንዴት ነው?»

«ድርቤ? አንቺ ነሽ?» አለ ከኋላ የምታውቀው ድምፅ። የመዘምራን መሪዋ ኬኔ ነበረች። ባለፈው እሁድ ድርቤ መድረክ ላይ ወጥታ «ሥራዬ እጥፍ ሆነ» ብላ ስትመሰክር ከሁሉ አስቀድማ «ሃሌ ሉያ!» ያለችው እሷ ናት።

የድርቤ ጆሮ ጋለ። «ተባር…» ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«የለም» አለች፣ ኬኔም እንድትሰማ ድምጿን ሳትቀንስ። «ሥራ የለም። ጻፈው።»

ሞረዳ ጻፈ፤ እሷም ፈረመች። ከኋላዋ ሃሌ ሉያ ያለ አልነበረም።

ሳፋውን አነሳች። ጨርቁን አጥፋ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው እንጂ መልሳ አልሸፈነችበትም። ኬኔ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ያደረ ነው» አለቻት። «በግማሽ ዋጋ። ትወስጃለሽ?»